አምቡላንሱ እስኪደርስ፦ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠናና የመሥሪያ ቤት ዝግጁነት ሲብራራ

ልቡ በድንገት የቆመ ሰው አንጎል ያለ ኦክስጅን ብዙ አይታገሥም። ከአራት ደቂቃ ገደማ በኋላ የአንጎል ሴሎች መጎዳት ይጀምራሉ። ማንም ካልደረሰለት ደግሞ በምታልፈው በእያንዳንዷ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። አምቡላንስ በበኩሉ ስልኩ እስኪነሳ፣ አድራሻው በትክክል እስኪያዝ፣ መኪናው እስኪወጣ፣ ባለሙያዎቹ ደረጃውን ወጥተው ክፍሉን እስኪያገኙ ጊዜ ይፈልጋል። አገልግሎቱ በተሟላበት ከተማ እንኳ ይህ ሁሉ በአራት ደቂቃ ያልቃል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

በዚያ መሃል ታማሚው አጠገብ ያለው ሐኪም አይደለም። የሥራ ባልደረባ ነው፤ ዘመድ ነው፤ ወይም መንገደኛ። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና የሚሰጠው ለዚያ ሰው ነው።

የመጀመሪያ ዕርዳታ ሕክምና ነው?

አይደለም። ቤት ውስጥ የውኃ ቧንቧ ሲፈነዳ ሮጦ ዋናውን መዝጊያ የሚዘጋ ሰው ቧንቧውን አልጠገነም፤ ባለሙያው እስኪመጣ ቤቱ በውኃ እንዳይሞላ አደረገ እንጂ። ግን መዝጊያው የት እንዳለና ወደየት እንደሚዞር አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት። የመጀመሪያ ዕርዳታም እንዲሁ ነው። ሕይወትን ያቆያል፣ ጉዳቱ እንዳይባባስ ያደርጋል፣ ቀሪውን ለባለሙያ ያስረክባል። ዕርዳታ ሰጪ በሽታ አይመረምርም፣ መድኃኒት አያዝም፣ አጥንት አይጠግንም።

ስለዚህ የሚታወቀው ነገር ብዙ አይደለም። ዋና ዋናው በአንድ ቀን ሥልጠና ሊሸፈን ይችላል። ከባዱ ነገር ያንን ጥቂት ዕውቀት እጅ በሚንቀጠቀጥበት ሰዓት ማውጣት መቻል ነው፤ ወደዚህ ኋላ እንመለሳለን።

ከሁሉ በፊት ምን ይታያል?

ቦታው። ወደ ወደቀው ሰው ከመሮጥ በፊት የጣለው ነገር አሁንም እዚያ እንዳለ ማየት ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጅ መንካት ሁለተኛ ተጎጂ መሆን ነው፤ መጀመሪያ ማጥፊያው ይጥፋ ወይም ሶኬቱ ይነቀል። የተበጠሰው የከፍተኛ ኃይል መስመር ከሆነ ጨርሶ አይጠጉ፤ ኃይሉ መቋረጡ እስኪረጋገጥ ድረስ ሌላውንም ሰው ያርቁ።

ጉድጓድ፣ ታንከርና የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ደግሞ ከሁሉ የከፉ ወጥመዶች ናቸው። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ያህል ኦክስጅን አለው፤ ከ19.5 በመቶ ሲወርድ ቦታው አደገኛ ይባላል። በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ግን ኦክስጅኑ በሌላ ጋዝ ተገፍቶ ከዚህ እጅግ ሊያንስ ይችላል፤ ዓይን ደግሞ ምንም ልዩነት አያይም። አንድ ሠራተኛ ይወድቃል፣ ጓደኛው ሊያወጣው ይገባል፣ እሱም ይወድቃል፣ ሦስተኛው ይከተላል። እንዲህ ባሉ አደጋዎች ከሚሞቱት ብዙዎቹ ለማዳን የገቡት ናቸው። ያለ መተንፈሻ መሣሪያና ያለ ማውጫ ገመድ ማንም አይግባ። ይህን ሕግ ለሠራተኛ ማስተማር የሚገባው አደጋው በደረሰበት ደቂቃ ሳይሆን ቀደም ብሎ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ጓደኛውን እያየ የሚቆም ሰው የለምና።

ቦታው ደኅና ከሆነ ትከሻውን ነካ ነካ አድርገው ጮክ ብለው ይጥሩት። ካልመለሰ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ቀና፣ አገጩን ከፍ ያድርጉና ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን እያዩ ትንፋሹን ያዳምጡ፤ ከ10 ሰከንድ በላይ አይፍጁ። የሚተነፍስ ከሆነና ከባድ ጉዳት ከሌለው በጎኑ ያስተኙት፤ በጀርባው ከተኛ ምላሱ ወይም ትውከቱ የአየር መንገዱን ሊዘጋው ይችላል።

ለእርዳታ ሲጣሩም «ኧረ አንድ ሰው ይደውል!» ማለት አይበጅም። ሰው በበዛበት ቦታ ሁሉም ሌላው ደውሏል ብሎ ያስባል። «አንተ፣ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበስከው፣ ደውል፤ ደውለህ ስትጨርስ ተመልሰህ ንገረኝ» ይበሉ። ብቻዎን ከሆኑ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው መሬት ያስቀምጡት፤ እጆችዎ ለሥራ ነፃ ይሆናሉ።

ልብ መቆሙ በምን ይታወቃል?

ሰውየው አይመልስም፤ ትንፋሹም የለም ወይም የተለመደ ዓይነት አይደለም። የመጨረሻዋ ሐረግ ብዙ ሰው ያሳስታል። ልቡ ከቆመ በኋላም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አንዳንድ ሰው አልፎ አልፎ አፉን ከፍቶ አየር ይስባል፣ ያንኮራፋል፣ ያቃስታል። በዙሪያው ያለው ሰው «ይተነፍሳል እኮ!» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ይህ ትንፋሽ ሳይሆን ከአንጎል ሥር የሚመጣ የመጨረሻ ምላሽ ነው፤ አየሩ ጥቅም አይሰጥም። ልብ ሲቆም ሰውነት ለጥቂት ሰከንድ የሚንቀጠቀጥበትም ጊዜ አለ፤ ይህንንም የሚጥል በሽታ ነው ብለው የሚያልፉ አሉ። ከጥርጣሬ ይልቅ ደረት መጫን ይሻላል። ልቡ ያልቆመ ሰው በስህተት ቢጫን ከባድ ጉዳት የሚደርስበት ከስንት አንዴ ነው፤ ልቡ የቆመ ሰው ሳይጫን ቢቀር ግን ይሞታል።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላት ይምታታሉ። ለልብ ጡንቻ ደም የሚያመላልሰው ሥር ሲዘጋ ሰውየው ደረቱን ይጨመቃል፣ ያልበዋል፣ ክንዱን ወይም መንጋጋውን ያመዋል፤ ግን ነቅቶ ያወራል። ልብ መቆም ማለት ደግሞ ልብ ደም መርጨቱን ጨርሶ ሲያቋርጥ ነው። የመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ሊያመራ ይችላል፤ ደረት የሚጫነው ግን ለሁለተኛው ብቻ ነው። ነቅቶ የሚያወራውን ሰው አስቀምጠው ያረጋጉት፣ አምቡላንስ ይጥሩ፣ ከዓይንዎ አይለዩት።

ደረት እንዴት ይጫናል?

ሰውየውን ጠንካራ ወለል ላይ በጀርባው ያስተኙ። ፍራሽ ላይ ከጫኑ የሚሰምጠው ፍራሹ እንጂ ደረቱ አይደለም። በጎኑ ተንበርክከው ወፍራሙን የመዳፍዎን ክፍል፣ ከእጅ አንጓ አጠገብ ያለውን፣ መሃል ደረቱ ላይ ያሳርፉ፤ ሌላውን እጅ በላዩ ይደርቡ። ክርንዎን ሳያጥፉ፣ ትከሻዎ ከእጅዎ በላይ ሆኖ፣ በሰውነትዎ ክብደት ይጫኑ። ጥልቀቱ ለአዋቂ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ከእያንዳንዱ ጫና በኋላ ደረቱ ሙሉ በሙሉ ይመለስ።

ይህ የመጨረሻው ትእዛዝ ጥቃቅን ነገር ሊመስል ይችላል፤ ግን ግማሹ ሥራ እሱ ነው። ሲጫኑ ልብ በደረት አጥንትና በአከርካሪ መካከል ተጨምቆ ደም ይገፋል፤ ሲለቁ ደም ተመልሶ ይሞላዋል። የደከመ ሰው ሳያውቀው ደረቱ ላይ ተደግፎ ይቀራል፤ ያኔ የሚገፋ ደም አይኖርም።

ማቋረጥ ለምን እንደሚጎዳ ለመረዳት የእጅ የውኃ ፓምፕን ያስቡ። ፓምፑ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ግፊቶች ውኃ አያወጡም፤ ውኃው እየተሳበ ወጥቶ መፍሰስ የሚጀምረው ከበርካታ ግፊት በኋላ ነው። ቆም ካሉ ውኃው ይወርዳል፤ እንደገና ሲጀምሩ ከዜሮ ነው። የደም ግፊትም እንዲሁ ቀስ በቀስ ይገነባል፤ እጅዎን ሲያነሱ ወዲያው ይወድቃል። ስለዚህ የትኛውም እረፍት ከ10 ሰከንድ አይብለጥ። ሁለት ሰው ካለ በየሁለት ደቂቃው ይቀያየሩ፤ «አልደከመኝም» የሚለውንም ሰው ቢሆን። ድካሙ ለራስ ከመታወቁ በፊት ጥልቀቱ ይቀንሳል።

የሠለጠነ ሰው ከ30 ጫና በኋላ 2 ትንፋሽ ይሰጣል። ያልሠለጠነ ወይም መስጠት ያልፈለገ ሰው ለአዋቂ ደረት ብቻ ቢጫን በቂ ጥቅም አለው፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ደሙ ውስጥ የቀረ ኦክስጅን አለና። በውኃ የሰጠመ ሰውና ሕፃናት ግን ይለያሉ፤ እነሱ ላይ ልብ የቆመው አየር በማጣት ስለሆነ ትንፋሽ መስጠት እጅግ ያስፈልጋል። ለሕፃናት ጥልቀቱ የደረታቸው ሲሶ ያህል ነው፤ ዓመት ላልሞላው 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ።

የጎድን አጥንት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ድምፁም ይሰማል። የእጅዎን ቦታ አስተካክለው ይቀጥሉ። የተሰበረ ጎድን ይድናል።

ኤኢዲ የሚባለው መሣሪያ ምን ያደርጋል?

ደረት መጫን ጊዜ ይገዛል እንጂ ብዙውን ጊዜ ልብን በራሱ አያስነሳም። በድንገት ከሚቆሙ ልቦች ብዙዎቹ መጀመሪያ ላይ ጸጥ አይሉም፤ ይርገፈገፋሉ። ጭቃ የያዘውን መኪና አሥር ሰው ሲገፋ ያስቡ። እያንዳንዱ በፈለገበት ቅጽበት ቢገፋ ጉልበቱ ይባክናል፤ መኪናው ንቅንቅ አይልም። አንዱ «ቁሙ!» ብሎ ሁሉንም ካስቆመ በኋላ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲል ግን ይወጣል። ኤኢዲ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ምት «ቁሙ» የሚለው ነው፤ የተበታተነውን እንቅስቃሴ ያቆማል፤ ከዚያ የልብ የራሱ ምት ሰጪ ሥራውን እንዲረከብ ዕድል ይሰጠዋል።

መሣሪያው ሲከፈት በድምፅ ያዛል። አንዱ ተለጣፊ በቀኝ በኩል ከአንገት በታች ካለው አግዳሚ አጥንት ሥር፣ ሌላው በግራ ጎን ከብብት በታች ይለጠፋል። የልብን እንቅስቃሴ ራሱ ይመረምራል፤ ምት የማያስፈልገው ከሆነ አይሰጥም፤ ስለዚህ በስህተት ሰው እገድላለሁ ብሎ መፍራት አያስፈልግም። የሚያበላሹት ቀላል ነገሮች ናቸው፦ ደረቱ እርጥብ ከሆነ ይጠረግ፣ ጸጉር ከበዛበት ይላጭ፣ የመድኃኒት ፕላስተር ካለ ይነሳ። በሚመረምርበትና ምት በሚሰጥበት ጊዜ ማንም አይንካው። ምቱ እንደተሰጠ ምንም ሳይጠብቁ ደረት መጫኑ ይቀጥላል።

ደም፣ ትንታና ቃጠሎ ላይ የሚሳሳተው ምኑ ላይ ነው?

የአዋቂ ሰው ደም 5 ሊትር ያህል ነው። ትልቅ የደም ሥር ሲቆረጥ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ለሞት የሚያበቃ ደም ሊፈስ ይችላል። መድኃኒቱ ጫና ነው፦ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ጎዝ ቁስሉ ላይ አድርጎ በመዳፍ አጥብቆ መጫን፣ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ። ስህተቱ «ቆመ ይሆን?» እያሉ ገልጦ ማየት ነው፤ መርጋት የጀመረውን ደም ያፈርሰዋል። ደሙ ጨርቁን ካለፈ ጫናው በትክክል ደሙ የሚወጣበት ቦታ ላይ አላረፈም ማለት ነውና ቦታውን አስተካክለው አጥብቀው ይጫኑ። ቁስሉ ውስጥ የተሰካ ቢላ ወይም ብረት አይነቀል፤ ቀዳዳውን የደፈነው እሱ ሊሆን ይችላል።

የእጅ ወይም የእግር ደም በጫና አልቆም ካለ ቱርኒኬት፣ ማለትም በማዞሪያ ዘንግ የሚጠብቅ ሰፊ ማሰሪያ፣ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይታሰራል፤ መገጣጠሚያ ላይ ግን አይሁን። ደሙ እስኪቆም ይጠብቅ፣ የታሰረበት ሰዓት ይጻፍ፣ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ አይላላ። በጣም ያማል፤ ማመሙ በትክክል አልታሰረም ማለት አይደለም። ቀጭን ገመድና የጫማ ማሰሪያ ሥጋን ይቆርጣሉ እንጂ ጥልቅ ያለውን ደም አያቆሙም።

ትን ያለው ሰው እያሳለ ከሆነ ተዉት፣ ይሳል፤ ከሳል የተሻለ ነገር የለም። ድምፁ ከጠፋና ማሳል ካቃተው ወደ ፊት ጎንበስ አድርገው በትከሻ አጥንቶቹ መካከል በመዳፍ 5 ጊዜ ይምቱ። ካልወጣ ከኋላው ሆነው ጡጫዎን ከእምብርቱ ከፍ፣ ከደረቱ አጥንት ዝቅ አድርገው ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ይሳቡ። እስኪወጣ ይደጋግሙ። ለነፍሰ ጡር ሆድ ሳይሆን ደረት ይጫናል። ዓመት ላልሞላው ሕፃንም ሆድ አይነካም፤ 5 ጊዜ ጀርባ፣ 5 ጊዜ ደረት ነው። ራሱን ከሳተ ደረት መጫን ይጀመራል። የማይታይ ነገር ለማውጣት ጣት አይግባ፤ የበለጠ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሆዱ የተሳበ ሰው ቢሻለውም ሐኪም ይየው።

ቃጠሎ ላይ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ለ20 ደቂቃ ይፍሰስበት። ብዙ ሰው ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይተዋል፤ ቆዳው ከላይ ቢቀዘቅዝም ሙቀቱ ገና ከሥር እየበላ ነው። በረዶ ቆዳን ይጎዳል። ቅቤ፣ ዘይትና የጥርስ ሳሙና ሙቀቱን ያፍናሉ፣ ሐኪሙንም ቁስሉን እንዳያይ ያደርጉታል። ቀለበትና ሰዓት እብጠት ሳይመጣ ይውለቅ። በኬሚካል ሲሆን የተነካው ልብስ ይወልቅና ብዙ ውኃ ይፍሰስበት፤ ደረቅ ዱቄት ከሆነ ግን መጀመሪያ ይራገፍ።

የሚጥል በሽታ የተነሳበትን ሰው አይያዙት፣ አፉ ውስጥም ምንም አያስገቡ። ራሱን ከሚመታበት ነገር ያርቁት፣ ሰዓት ይያዙ፤ ከ5 ደቂቃ ከበለጠ አምቡላንስ ይጠራ። ፊቱ በአንድ በኩል የወረደ፣ አንድ እጁ የዛለበት ወይም ንግግሩ የተንተባተበ ሰው ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ይያዙ፤ ሆስፒታል ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ያ ነው።

ሰርተፊኬት ካለኝ በቂ አይደለም?

ዕውቀቱ ይቀራል፤ እጅ ግን ይረሳል። ከሥልጠና በኋላ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ የደረት አጫጫን ጥራት በግልጽ ይወርዳል። ብዙ ቦታ ሰርተፊኬት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት በመሆኑ ወረቀቱ ሳይቃጠል ችሎታው ይሄዳል። ስለዚህ በየጥቂት ወሩ ለ10 ደቂቃ የሰው ቅርጽ ባለው የመለማመጃ አሻንጉሊት ላይ መለማመድ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ሙሉ ቀን ከመቀመጥ ይሻላል።

ሥልጠና ሲመርጡ መጠየቅ ያለበት ለስንት ሰው አንድ አሻንጉሊት አለ፣ እያንዳንዱስ ስንት ደቂቃ ይጫናል የሚለው ነው። ቪዲዮ አይቶና ስላይድ ሰምቶ የወጣ ሰው 5 ሴንቲ ሜትር ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ አያውቅም። ደረት የመጫን ዘዴው ራሱ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ተመራማሪዎች ኩወንሆቨን፣ ጁድና ኒከርቦከር ደረት ሳይከፈት ከውጭ በመጫን ደም ማዘዋወር እንደሚቻል ሲያሳትሙ ነው። በዚያው ዓመት ኖርዌያዊው የአሻንጉሊት አምራች አስሙንድ ላርዳል የመለማመጃ አሻንጉሊቱን አወጣ። ከጅምሩ ሁለቱ አብረው የሄዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

መሥሪያ ቤት ምን የማድረግ ግዴታ አለበት?

የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው 155ኛው ስምምነት፣ በአንቀጽ 18፣ አሠሪ እንደ አስፈላጊነቱ ለድንገተኛ ሁኔታና ለአደጋ ዝግጅት እንዲያደርግ፣ በቂ የመጀመሪያ ዕርዳታንም ጨምሮ፣ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 ድርጅቱ ደኅንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ አድርጎታል። ዝርዝሩን የየአገሩ ሕግ ይወስናል።

የሚያስፈልጉትን የሠለጠኑ ዕርዳታ ሰጪዎች ቁጥር ከሠራተኛው ብዛት ብቻ ማውጣት ስህተት ነው። ሃምሳ ሰው በወረቀት የሚሠራበት ቢሮና ሃምሳ ሰው ብረት የሚቆርጥበት ወርክሾፕ አንድ አይደሉም። ጥያቄው፦ እዚህ ምን ሊፈጠር ይችላል? አምቡላንስ በስንት ደቂቃ ይደርሳል? የሌሊት ፈረቃ ላይ፣ በምሳ ሰዓት፣ በእረፍት ቀን የሠለጠነ ሰው አለ? ብዙ ድርጅት የሠለጠኑ ሁለት ሰዎች አሉት፤ ሁለቱም የቀን ፈረቃ ናቸው፤ አንዷ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት። ያ ድርጅት ሌሊት አንድም ሰው የለውም።

የተሻለው መንገድ ሚናን በስም መስጠት ነው። አንዱ ይረዳል፣ ሌላው ይደውላል፣ ሦስተኛው ሳጥንና ኤኢዲ ያመጣል፣ አራተኛው በር ላይ ቆሞ አምቡላንሱን ይቀበላል። የአራተኛው ሚና ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ አምቡላንሱ ግቢው ደርሶ ሕንፃውን፣ ፎቁን፣ ቁልፉን ሲፈልግ የሚባክነው ጊዜ ግን ብዙ ነው። ከስልኩ አጠገብ የድርጅቱ አድራሻ፣ መለያ ምልክቱና የሚገባበት በር ተጽፎ ይለጠፍ፤ በድንጋጤ ሰዓት ሰው የሚሠራበትን ሕንፃ ስም ይረሳል።

ኤኢዲ ካለ ሮጦ ሄዶ መመለስ ከሦስት ደቂቃ መብለጥ የለበትም። ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ያለ ካቢኔ ግን እንደሌለ ይቆጠር። ኬሚካል ያለበት ቦታ እያንዳንዱ ምርት የደኅንነት መረጃ ሰነድ ሊኖረው ይገባል፤ ሰነዱ 16 ክፍሎች አሉት፣ 4ኛው ክፍል የመጀመሪያ ዕርዳታውን ይናገራል። ያንን ገጽ አባዝቶ ኬሚካሉ ካለበት ግድግዳ መለጠፍ ምንም የማያስወጣ ዝግጅት ነው።

ለእሳት፦ የመውጫ ልምምድ፣ የመሰብሰቢያ ቦታ፣ የስም ጥሪ የሚያደርግ ሰው። አነስተኛ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ሲተፋ ከግማሽ ደቂቃ በታች ያልቃል፤ ስለዚህ ጀርባን ለመውጫው ሰጥቶ አንድ ጊዜ መሞከር፣ ካልጠፋ በሩን ዘግቶ መውጣት። ልምምዱ ሲደረግ መውጫው ፊት የተከመረው ካርቶን፣ የማይሰማው ደወል፣ ደረጃ መውረድ የማይችለው ባልደረባ ይታወቃሉ። ልምምድ የሚደረገውም ለዚህ ነው፤ ሁሉም ነገር ያለ እንከን ያለፈበት ልምምድ ምናልባት በጣም ቀሎ ይሆናል።

ሳጥኑ ውስጥ ምን ይግባ?

የሚጣሉ ጓንቶች፣ የተለያየ መጠን ያለው ጎዝ፣ ጥቅል ፋሻ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ፣ ፕላስተር፣ ልብስ የሚቆርጥ ጠንካራ መቀስ፣ ለትንፋሽ የሚሆን የፊት መሸፈኛ፣ ሙቀት የሚይዝ ብርድ ልብስ፣ እስክሪብቶና ወረቀት። ማሽን ወይም መጋዝ ያለበት ቦታ ቱርኒኬት፣ ኬሚካል ያለበት የዓይን ማጠቢያ ይጨመራል። የሚዋጥ መድኃኒት ሳጥኑ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል፤ ለአንዱ የሚስማማው ሌላውን ሊጎዳ ይችላል።

ሳጥኑ ከጉዳት በላይ የሚራቆተው በትንንሽ ነገር ነው። ፕላስተሩ በየቀኑ ይወሰዳል፣ መቀሱ ለሌላ ሥራ ይወጣል፣ ጓንቱ ለጽዳት ይሄዳል። አንድ ሰው በስሙ ይረከበው፣ በየወሩ በዝርዝር ይቁጠረው፤ የጎዙንና የኤኢዲ ተለጣፊውን የአገልግሎት ቀን፣ የባትሪውንም መብራት ይይ።

አደጋው ካለፈ በኋላስ?

የተወሰደው ዕቃ በዚያው ቀን ይተካ፤ ሁለተኛው አደጋ የመጀመሪያው እስኪረሳ አይጠብቅም። ምን ሆነ፣ ስንት ሰዓት ተደወለ፣ ማን ምን አደረገ የሚለው ሳይረሳ ይጻፍ፤ ጥፋተኛ ለመፈለግ ሳይሆን የዘገየችውን ደቂቃ ለማግኘት። ደረት የጫነውን ሰው ደግሞ ያነጋግሩት። ትክክለኛውን ሁሉ አድርጎም ሰውየው ላይተርፍ ይችላል፤ «የሆነ ነገር ባደርግ ኖሮ» እያለ ሌሊት የሚነቃው እሱ ነው። በማግሥቱ ወደ ማሽኑ ከመመለሱ በፊት ከሠለጠነ ሰው ጋር የሚነጋገርበት ጊዜ ይሰጠው፣ ያደረገውም በስሙ ይነገርለት።